ከውጭ የገባ ነገር

ሐምሌ 6

አባዬን ሚስቱ ታቢታ ዛሬ ጠዋት ወደ ድንገተኛ ክፍል አመጣችው። ተረኛዋ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ባጃጁ በሩ ፊት ቆመ፤ ታቢታ ቀድማ ወረደችና በዝናቡ ውስጥ ወገቡን ይዛ አወረደችው። "ሃሴትዬ፣ ሌሊቱን ሲያስመልሰው ነው ያደረው" አለችኝ። ታዲያ ለምን አልደወለችልኝም? በልቤ ነው ያልኩት፤ አልጠየቅኋትም።

አባዬ አልጋ ላይ ተኝቶም ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው ነው የሚተነፍሰው። ሳንባው ንጹሕ ነው። ያልበዋል። "የቱ ጋ ነው የሚያምህ?" ስለው "ምን አልሽ?" ይለኛል። ስደግመውም "ምን አልሽ?" ካገባ ወዲህ ለእኔ እንዲህ ሆኗል፤ እኔ ስናገር አይሰማም። እሷ ጆሮው አጠገብ ጠጋ ስትል ግን ይመልስላታል።

የደም ጋዝ ምርመራ አዘዝኩ። የደሙን አሲድ የሚለካው ቁጥር፣ ፒኤቹ፣ 7.40 ወጣ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ቁጥር የለም። ለወንድሜ ለእስራኤል ደወልኩና "ጨጓራ ነው፣ ከባንክ ፈቃድ አትጠይቅ" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስታችን ዶክተር ግዛቸው ወረቀቱን አዩት።

"ፒኤቹን አይተሽ ነው የተውሽው?"

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

"ባይካርቦኔቱ 12 ነው። የጤነኛ ሰው ግማሽ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም 20 ነው፤ እሱም ግማሽ። ገመድ ጉተታ አይተሽ አታውቂም? ሁለቱም ወገን እኩል ሲጎትቱ መሃል ላይ የታሰረው መሐረብ አይነቃነቅም። መሐረቡን ብቻ ያየ ሰው፣ ማንም እየጎተተ አይደለም ይላል።"

አንደኛው ጎታች ባይካርቦኔቱን የበላው አሲድ ነው። ሌላው ትንፋሹ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያስወጣ፣ አሲዱን ለማካካስ ከሚያስፈልገው በላይ እየተነፈሰ ነው። ሁለት ችግር፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖት። ይህን ተማሪ ሳለሁ አውቀው ነበር። የራሴ አባት ሲሆን ግን ያየሁት መሐረቡን ነው።

ሐምሌ 8

ግሉኮስ ሲሰጠውና ፈሳሽ ሲገባለት ቀለል ብሎታል።

ዶክተር ግዛቸው ዛሬ ከአልጋው ራቅ አድርገው አቆሙኝና እንደ ተማሪ ያስቆጥሩኝ ጀመር። በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዎች ተደምረው ተቀንሰው ሲታዩ፣ ቦታው የማይታወቅ አሲድ አለ፤ ልዩነቱ 26 ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ 12 ገደማ ነው። ከየት መጣ? ስኳር የለበትም። ኩላሊቱ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ይህን ያህል አያደርስም። ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው የሚያመርተው ላክቴትም ይህን አያብራራም።

"እና የቀረው?" አሉኝ።

"ከውጭ የገባ ነገር" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን መልሱን ከሰጠሁ በኋላ ነው የሰማሁት። ከውጭ የገባ ነገር።

እሷ በዚያ ሰዓት ሙዝ እየላጠች ታጎርሰው ነበር።

ሐምሌ 10

ወደ ቤት ሄደ። ሐኪም ቤት ሳለ ተሻለው። ይህን እዚህ ልጻፈው፤ እንዳልረሳው።

ታቢታን አልጠላትም። እማዬ ከሞተች ሦስት ዓመት ሊሆናት ሲል ነው ያገባት። ልብስ ሰፊ ናት። ከአባዬ የብረታ ብረት ሱቅ ጎን ከጋሽ አብዱልሃሚድ ሱቅ ጨርቅ ልትገዛ ስትመላለስ ተዋወቁ። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ፤ ሰርጉ በማዘጋጃ ቤት አለቀ። እሷ አርባ አንድ፣ እሱ ስድሳ ዘጠኝ። ለዚህ ሁሉ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገርኩም። አልቀናሁምም። ሰው በአባቱ ሚስት አይቀናም።

ሐምሌ 15

ልጠይቀው ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ጎረቤት ድረስ ይጮኻል፤ እሷ እንዴት እንደምትችለው እንጃ። ወይ ደግሞ ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ ነው።

ጫማዬን በረንዳ ላይ ሳወልቅ ከጓዳ ሰማኋቸው። እሷ፦ "ይበቃሃል ጋሽዬ፣ ይኼ የመጨረሻው ነው።" እሱ አንድ ነገር አለ፤ የያዝኩት "ሃሴት እንዳታውቅ" የሚለውን ብቻ ነው።

ስገባ እጇን ጨብጣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ተለዋወጠ። አባዬ ሳቀልኝ፤ ለሱቅ ደንበኛ እንደሚስቅ ሰው።

ቆየት ብሎ ስልክ መጣላት፤ በሲዳሙ አፎ ረጅም አወራች። "ሃሴት" የሚለውን ስሜን ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ከቋንቋው ግን ከሰላምታ በቀር አላውቅም። እስከ ዛሬ አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር።

ስወጣ እስከ በረንዳው ሸኘችኝ። "ሃሴትዬ፣ አንድ ቀን ብቻችንን ብንገናኝ... ስለ ጋሽዬ የምነግርሽ ነበረኝ" አለች።

ጊዜ የለኝም አልኳት። ምን ልትለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስለ ቤቱ ውርስ ነው።

ሐምሌ 19

ከእስራኤል ጋር ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ በላን። ማለት እሱ በላ። የሰማሁትን ነገርኩት።

"'የመጨረሻው ነው' አለች?"

"አዎ።"

እጁን ሳይታጠብ ቆየ። "እኔ ከመጀመሪያው ነግሬሻለሁ። የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ያገባች ሴት ምን ልታገኝ ነው?"

"እንዲያ አልልም" አልኩት። እንዲያ እንዳላልኩ ይመዝገብ።

ሐምሌ 24

ተመልሶ ገባ። ያው ማስመለስ፣ ያው ትንፋሽ፣ ያው ላብ፤ አሁን ደግሞ መርሳት ተጨምሮበታል። ቀኑን አላወቀም። ቤት ሲሄድ ይታመማል፤ እኛ ጋ ሲመጣ ይሻለዋል።

ዶክተር ግዛቸው በአልጋው ግርጌ፦ "የሚወስደው መድኃኒት ምንድን ነው?"

"የግፊት ብቻ። የምገዛለት እኔ ነኝ።"

"ለሕመም ማስታገሻ? አስፒሪን? አሲዱና ትንፋሹ እንዲህ አብረው ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። መጠኑን እዚህ መለካት አንችልም፤ አዲስ አበባ ልከን እስኪመለስ ቀናት ይፈጃል።"

"አባቴ ለራስ ምታት እንኳ ኪኒን የማይውጥ ሰው ነው" አልኳቸው።

ታቢታ ከኋላዬ ቆማ ነበር። "ዶክተር፣ እሱ እኮ..." ብላ ጀመረች። ዞር ብዬ "ውጭ ጠብቂ፤ ጉብኝት ላይ ነን" አልኳት። ወጣች።

በኋላ ዶክተር ግዛቸው "ሚስቱን ጠየቅሻት?" አሉኝ።

"ጠይቄያታለሁ" አልኩ። አልጠየቅኋትም። የምትመልሰውን ስለማላምን መጠየቁ ጥቅም የለውም ብዬ ነው።

ናሙናው ዛሬውኑ ተልኳል። እኔ ስለ መርዝ አሳሰብኳቸው፤ በሐሰተኛ አልኮል ውስጥ ስለሚገኘው፣ በመኪና ራዲያተር ውስጥ ስለሚጨመረው። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ቁጥሩ ከውጭ የገባ ነገር አለ ይላል። ማን እንዳስገባው አይናገርም። ያንን ከቁጥር ላይ እንዳታነቢ።"

ሐምሌ 26

አደረግኩት።

በዋርዱ በር ላይ ይዛ የመጣችውን ሾርባ ተቀበልኳትና መሬት አስቀመጥኩት። ካሁን በኋላ እንዳትገባ አልኳት። ለጥበቃዎቹም ተናግሬያለሁ።

"ምን አደረግኩ ሃሴትዬ?"

"አንቺ ታውቂዋለሽ።"

"አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ፤ እሱ አትንገሪ ብሎ አስምሎኝ ነው እንጂ..."

"ለፖሊስ ትነግሪያለሽ።"

ይህን ስል ሰዎች ዞረው አዩን። አላለቀሰችም። ንጹሕ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር።

እስራኤል የቤቱን ቁልፍ ቀየረ። ልብሷን ሰብስባ ቱላ እህቷ ጋ ሄዳለች። ለአባዬ ጉንፋን ይዟት ነው፣ እንዳታጋባብህ ነው ብለነዋል። "ምን አልሽ?" አለኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐምሌ 28

ባይካርቦኔት 19! እሷ በሌለችበት። ወረቀቱን ለእስራኤል በስልኬ አንስቼ ላክሁለት። "ፖሊስ ጋ እንሂድ" አለ። የአዲስ አበባው ውጤት ይምጣ አልኩት።

የተሸነፈ ሰው እንኳ እንደ እኔ እንቅልፍ አያጣም። ግን ልክ ነበርኩ።

ነሐሴ 1

ወደ እኔ ቤት አመጣሁት። ይበርደኛል ስላለ እስራኤል ካፖርቱን ከቤት አመጣለት። ቀኑን ሙሉ ለብሶት ሶፋ ላይ ይቀመጣል፤ ላውልቅልህ ስለው ይቆጣል።

ምግቡን የምሠራው እኔ። ውሃውን የምቀዳው እኔ። ሌላ ሰው አይነካውም።

ነሐሴ 4

ትንፋሹ ፈጥኗል። ከጠዋት ጀምሮ እየቆጠርኩ ነው።

እኔ ቤት። ከእኔ እጅ እየበላ።

ማን ገባ? ጋሽ አብዱልሃሚድ በየቀኑ ከሱቅ ሲመለስ ይጠይቀዋል። ዳቦ ይዞ ይመጣል። ታቢታን ያስተዋወቀው እሱ ነው። ትናንት ያመጣውን ዳቦ ከቆሻሻው አውጥቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። የማይሸት ነገርም አለ።

ዛሬ ሲመጣ "ተኝቷል" ብዬ ከበር መለስኩት። እንደ አባት ያሳደገኝን ሰው። "ልጄ፣ ታቢታ ደውላልኝ ነበር፣ አንድ ነገር..." ሲል "ደክሞኛል ጋሼ" ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ስለዚህ ይገናኛሉ።

ነሐሴ 5

ፒኤች 7.20። ባይካርቦኔት 8። አባዬ ራሱን አያውቅም፤ እማዬን ይጠራል፤ ከዚያ ታቢታን፤ ከዚያ እማዬን። ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ነሐሴ 6

በቅደም ተከተል ልጽፈው።

ትናንት ዶክተር ግዛቸው ወረቀቱን ይዘው "አንደኛው ጎታች ደክሟል" አሉኝ። እስካሁን በትንፋሹ እየጎተተ ነበር ደሙን ያቆመው፤ አሁን ጉልበቱ አለቀ፤ አሲዱ ብቻውን እየጎተተ ነው። "ምን እንደገባበት ካላወቅን እናጣዋለን" አሉ።

በዚያው ቅጽበት ጋሽ አብዱልሃሚድ ኮሪደሩ ላይ መጣ። ጃንጥላውን እንኳ አላጠፈም። እኔን አልፎ ነው ወደ ዶክተር ግዛቸው የሄደው።

"ዶክተር፣ አስፒሪን ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ጠዋት ማታ ይቆረጥመዋል፤ እንደ ከረሜላ ነው የሚበላው። ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ይጮኻል ሲለኝ እንኳ ተው ብዬዋለሁ። ባለቤቱ እየደበቀች ስትጥል እሱ ከሌላ ፋርማሲ ይገዛል። እሷ ናት የላከችኝ። በር ላይ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ፤ ጥበቃዎቹ አላስገባ ብለዋታል።"

ዶክተር ግዛቸው ወደ እኔ ዞሩ። "ጠይቄያታለሁ ብለሽኝ ነበር" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ወደ ውስጥ እየሮጡ ገቡ።

ካፖርቱ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የውስጥ ኪሱን ገለበጥኩት። የአስፒሪን ኪኒኖች ወጡ፤ ግማሹ ተፈረካክሷል፤ ነጭ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ካፖርቱን ያመጣንለት እኛ ነን።

ባይካርቦኔት በደም ሥሩ ጀመሩለት፤ ከዚያ የኩላሊት እጥበት። መጠበቅ ብቻ ነው የቀረኝ። "ምን አልሽ?" የሚለኝ አስፒሪኑ ጆሮውን ስለደፈነው ነበር። ይህንንም ተማሪ ሳለሁ አውቀው ነበር።

በሩ ጋ ስወርድ ታቢታ አልነበረችም።

ነሐሴ 9

ዓይኑን ገለጠ። "ታቢታ የታለች?" የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

የአዲስ አበባው ውጤት ዛሬ መጣ። አስፒሪን፣ ከመጠን በላይ። ማንም አልተደነቀም።

ነሐሴ 12

አባዬ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እስራኤል መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልኩን ያያል፤ ምንም የሚያየው ነገር የለም።

"ለምን ደበቅኸኝ? ሐኪም አይደለሁም እንዴ?" አልኩት።

"ጉልበቱን አመመው ብትሰሚ ምን ትይ ነበር?"

"አሳክምህ ነበራ!"

"ከዚያ በፊት።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "አላስታመመችውም ትይ ነበር። በእማዬ ጊዜ እንዲህ አልነበርክም ትይኝ ነበር። ጥርሴን ባመመኝ ጊዜ ምን ነበር ያልሽው? ጣፋጭ አብዝታልህ ነው አላልሽም? እኔ በእሷ እንዳታሳብቢ ብዬ ነው።"

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። እስራኤልን አየሁት። እሱ ግን እንደሚያስታውስ ከፊቱ አየሁ።

"አሁን ጥሯት" አለ አባዬ።

ነሐሴ 20

ቱላ ሄድኩ። ብቻዬን። እስራኤል "እኔ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?" አለኝ።

የእህቷ ቤት በር ክፍት ነበር። ታቢታ ለትምህርት መክፈቻ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሰማያዊው ጨርቅ እግሯ ሥር ተቆልሏል። አየችኝና የስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

"ይግቡ ዶክተር።"

ከሃሴትዬ ወደ ዶክተር፣ ከአንቺ ወደ እርስዎ። ተቀመጪ ባትለኝም ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ከአፌ የወጣው "ለምን ጮክ ብለሽ አልተናገርሽም?" የሚል ነው።

ያን ጊዜ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

"በረንዳ ላይ ልነግርዎ ነበር። አልጋው አጠገብ ልነግርዎ ነበር። በሩ ላይ ልነግርዎ ነበር። ጮክ ብልስ? ጮኸች ይባል ነበር።"

"በደልኩሽ።"

"እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ጋሽዬ ቢሞት ኖሮ፣ መድኃኒቱ ኪሱ ውስጥ ባይገኝ ኖሮ፣ ዛሬ እኔ የት ነበርኩ?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከእስራኤል ጋር የትኛው ጣቢያ እንደምንሄድ ሳይቀር ተነጋግረን ነበር።

"እሱ ይጠራሻል" አልኳት።

"እኔም እጠራዋለሁ። በየቀኑ እንደዋወላለን። አላወቁም?"

አላወቅሁም። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ስልኩን ራሴ ቻርጅ እያደረግኩለት።

ጳጉሜ 3

ጋሽ አብዱልሃሚድ ሽማግሌ ሆኖ ወደ ታቢታ ሄደልን። መጀመሪያ እኔ ሱቁ ድረስ ሄጄ በር ስለዘጋሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት። "ዳቦውን ግን በላሽው?" አለኝና ሳቀ። ከቆሻሻ አውጥቼ እንዳሸተትኩት አልነገርኩትም።

እመለሳለሁ ብላለች። በአንድ ቅድመ ሁኔታ።

መስከረም 2

ተመለሰች። እስራኤል አዲሱን ቁልፍ በሁለት እጁ አቀረበላት፤ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ ጋሽ አብዱልሃሚድ ባለበት፣ እንዲህ አለች፦ "ባሌ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ስለዚህ መጣሁ። ግን ካሁን በኋላ ከእጄ ምግብ አይበላም፣ ውሃ አይጠጣም፣ መድኃኒት አይወስድም። ልጆቹ ይስጡት። ነገ ቢታመም የምጠየቅበት ነገር በእጄ እንዲያልፍ አልፈልግም።"

አባዬ "ተይ እንጂ ታቢታ!" አለ።

"አልተውም ጋሽዬ።"

ጋሽ አብዱልሃሚድ ሊያግባባት ሞከረ። እኔ ያልፍላታል ብዬ አሰብኩ፤ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።

መስከረም 19

አላለፈላትም።

ጠዋት ከሥራ በፊት እሄዳለሁ፣ ማታ ከሥራ በኋላ እሄዳለሁ፤ በመሃሉ እስራኤል። ደሙን በየሳምንቱ እንለካለን፤ ባይካርቦኔቱ 24 ነው፣ ትንፋሹም ካርቦኑም በየቦታቸው። ለጉልበቱ ፊዚዮቴራፒ ጀምሯል። ጆሮው ተከፍቶለታል፤ ዝቅ አድርጌ ባወራውም ይሰማኛል። የምለው ነገር ግን ብዙ የለኝም።

ዛሬ ማታ ስደርስ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዜና ያያሉ። ታቢታ አንድ ነገር ብላው ይስቃል። እኔ ስገባ ሳቁ አልተቋረጠም፤ ዝም ብሎ አለቀ። የግፊት መድኃኒቱን አወጣሁ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

"እስቲ ውሃ" አለ አባዬ። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነው ያለው፤ ልማድ ነው። የውሃው ጆግ ከክርኗ አጠገብ ነበር፣ ብርጭቆውም።

አልተነቃነቀችም።

"ዶክተር፣ አባትዎ ውሃ ጠምቶታል" አለችኝ።

ከወንበሬ ተነሳሁ፤ በፊቷ አልፌ ቀዳሁለት።